ከኦሊምፖስ የተሻሩት አማልክትና አዲሱ ሥራቸው

የግሪክ አማልክት አለቃ በአውሮፓ ውስጥ አንድ ስም የለውም። እንግሊዛዊው «ዙስ» ይለዋል፤ ጀርመናዊው «ጾይስ»፤ ሩሲያዊው «ዜቭስ»። የማድሪድ ሰው ምላሱን በጥርሶቹ መካከል ብቅ አድርጎ «ሴውስ» ይላል። ሊቱዌኒያዊው ደግሞ የወንድ ስም የአገሩን ጭራ ካልያዘ ደስ አይለውምና በ«ስ» ለሚያልቀው ስም ሌላ «ስ» ጨምሮ «ድዜውሳስ» ያደርገዋል። የስሙ ባለቤት የሆነው የዛሬው ግሪካዊ ከእነዚህ አንዱንም አይልም፤ እሱ የሚለው «ዲያስ» ነው። ዜውስ ዛሬ መብረቁን ታጥቆ ከለንደን እስከ አቴና መንገድ ቢጀምር በየኬላው መታወቂያ መቀየር ይኖርበታል።

ለዚህ ሁሉ መለያየት ምክንያቱ ሦስት ነው። ስሞቹ ወደ አውሮፓ የገቡት በሁለት በር ነው፤ እያንዳንዱም አገር የራሱ ምላስ አለው፤ አማልክቱም ከአምልኮ ከተሻሩ በኋላ ሥራ ፈትተው አልተቀመጡም።

ከሁለቱ በሮች ሰፊው ላቲን ነው፤ ሌላው ራሱ ግሪክኛ ነው። ሮማውያን ከግሪኮች ጋር ሲቀራረቡ የጎረቤትን አምላክ እንደ እንግዳ ከመቀበል ይልቅ «ይህማ የኛው ነው» ማለትን መረጡ። ዜውስን ከዩፒተር፣ ሚስቱን ሄራን ከዩኖ፣ የባሕሩን ፖሲዶንን ከኔፕቱን፣ የጦሩን አሬስን ከማርስ፣ የፍቅሯን አፍሮዲቴን ከቬኑስ፣ መልእክተኛውን ሄርሜስን ከመርኩሪ፣ አንጥረኛውን ሄፌስቶስን ከቩልካን፣ የእህሏን ዴሜትርን ከሴሬስ፣ የአደኗን አርጤምስን ከዲያና ጋር አንድ አደረጓቸው። ስሙን እንደያዘ ሮም የገባ ዋና አምላክ አፖሎ ብቻ ነው፤ ለእሱ የሚመጥን የአገር ልጅ ሳያጡ አልቀሩም።

እንዲህ ያለው ማዛመድ የሮማውያን ብቻ አልነበረም። በ4ኛው መቶ ዘመን ንጉሥ ኢዛና አክሱም ላይ በግእዝም በግሪክኛም ጽሑፍ ሲያስቀርጽ፣ በግእዙ «ማሕረም» የተባለው የንጉሡ አምላክ በግሪክኛው «አሬስ» ሆኗል። የባሕር ማዶ ነጋዴ ድንጋዩ ፊት ቆሞ «ማሕረም ደግሞ ማነው?» እንዳይል ጸሐፊው የሚያውቀውን የጦር አምላክ ተካለት።

የምዕራብ አውሮፓ ምሁር ግሪክን ለብዙ ዘመን ያወቃት በላቲን መነጽር ነበርና የሆሜር ጀግኖች ሳይቀሩ በሮማውያን ስም ይጸልዩ ነበር። አሌክሳንደር ፖፕ እ.ኤ.አ. ከ1715 እስከ 1720 ባሳተመው የእንግሊዝኛ ኢሊያድ ትሮይን የሚያየው የሰማይ ገዢ ጆቭ፣ ማለትም ዩፒተር ነው፤ ሮም ገና ሳትቆረቆር የሮም አምላክ ለሥራ ተሰማርቷል። በ19ኛው መቶ ዘመን ነው ኮኖፕ ቲርልዎልና ጆርጅ ግሮት የግሪክን ታሪክ ሲጽፉ «የግሪክ አማልክት በግሪክ ስማቸው ይጠሩ» ያሉት። የግሮት መጽሐፍ በ1846 መታተም ሲጀምር ዜውስ በእንግሊዝኛ ስሙን ካስመለሱለት ሥራዎች አንዱ ሆነ። ብዙ አንባቢ ግን ለጁፒተር ለምዶ ስለነበር የገዛ ስሙን ይዞ የመጣውን ዜውስን እንደ መጤ አየው።

መጽሐፍ ቅዱስም ከዚህ አላመለጠም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 14 የልስጥራ ሰዎች በርናባስንና ጳውሎስን አማልክት መስለዋቸው ስም ያወጡላቸዋል። በ1611 የታተመው የእንግሊዝኛ ትርጉም በርናባስን ጁፒተር፣ ጳውሎስን መርኩሪየስ፣ የኤፌሶኗንም አምላክ ዲያና ይላል። የ1954 ዓ.ም. የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ግን በሮም በኩል አልዞረም፤ «ድያ»፣ «ሄርሜን»፣ «አርጤምስ» ይላል። «ድያ» እንግዳ ቢመስልም ዘሩ ጥንታዊ ነው፤ «ዜውስ» በጥንቱ ግሪክኛ ተሳቢ ሲሆን «ዲያ» ይባላል። የዛሬዎቹ ግሪኮች «ዲያስ» የሚሉትም ከዚያው ወስደው ነው። ቼኮችም ባለቤት ሲያደርጉት «ዜውስ» ይሉና «የዜውስ» ለማለት ሲፈልጉ «ዲያ» ይላሉ። እንዲህ ሆኖ የልስጥራው በርናባስ በአማርኛ የተጠራበት ስም በፕራግም አይጠፋም።

ሁለተኛው የመለያየት ምክንያት ምላስ ነው፤ በምላስ ጉዳይ ብዙ መከራ ያየው ደግሞ የ«ሀ» ድምፅ ነው። ጥንታዊው ግሪክኛ ነበረው፤ አዲሱ ግሪክኛ ጣለው። ፈረንሳይኛ፣ ጣልያንኛና ስፓኒሽ አይጠሩትም፤ ሩስኛ ደግሞ ሲቸገር «ገ»ን ይተካል። ስለዚህ የዜውስ ሚስት ሄራ ሮም ውስጥ «ኤራ»፣ ሞስኮ ውስጥ «ጌራ»፣ አቴና ውስጥ «ኢራ» ናት። ባሏ በየአገሩ በሚያበዛው ውሽምነት ስትናደድ የኖረች ሴት፣ በዚህ ላይ ስሟን በትክክል የሚጠራት ሰው ማጣቷ ሲታሰብ ንዴቷ አይፈረድባትም። ሄርሜስም እንደዚያው «ኤርሜስ»፣ «ጌርሜስ»፣ «ኤርሚስ» እየተባለ ይዞራል። አማርኛ ሀ፣ ሐ፣ ኀን ለአንድ ድምፅ ደርድሮ የቱን እንደሚያስቀድም ሲከራከር፣ ፓሪስ፣ ሮም፣ ሞስኮና አቴና ግን ለአንዲት ሄራ የሚሆን አንድ «ሀ» አጥተዋል። ፊደል የሚበደር ቢሆን ኖሮ ኢትዮጵያ ከዚህ ንግድ ታተርፍ ነበር።

የሙታን አገር ገዢ የሆነው ሔድስ ደግሞ በጣልያንኛ «አዴ»፣ በሩስኛ «አይድ» ይባላል። ግሪካዊው ዛሬ ሲጠራው ለአማርኛ ጆሮ «አዲስ» ይመስላል። አቴና ውስጥ ካፌ ተቀምጦ ከጎኑ ስለ ሲኦል የሚወራውን የሚሰማ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ስለ ትውልድ ከተማው የሚወራ መስሎት ወሬው ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ሦስተኛው ምክንያት፣ ማለትም አማልክቱ ከተሻሩ በኋላ ያገኙት ሥራ፣ ሰፋ ያለ ነው። የመጀመሪያው መሥሪያ ቤት ሳምንት ነው። ፈረንሳዮች፣ ጣልያኖችና ስፔኖች ማክሰኞን ለማርስ፣ ረቡዕን ለመርኩሪ፣ ሐሙስን ለዩፒተር፣ ዓርብን ለቬኑስ ሰጥተዋል። «ማርዲ»፣ «መርክሬዲ»፣ «ዠዲ»፣ «ቫንድሬዲ» እያለ ቀጠሮ የሚይዘው የፓሪስ ሰው በሳምንት አራት ቀን ጣዖት ይጠራል፤ ይህን ብለው ቢነግሩት ግን ይገረማል። እንግሊዞች ማዛመዱን አንድ ጊዜ ደግመው የገዛ አማልክታቸውን፣ በማርስ ቦታ ቲውን፣ በመርኩሪ ቦታ ዎደንን፣ በዩፒተር ቦታ ቶርን፣ በቬኑስ ቦታ ፍሪግን አስገቡ። ጀርመኖች ዎደንን ከረቡዕ አባርረውት ቀኑን «የሳምንት አጋማሽ» ብለውታል፤ በቦታው ማንም አልተሾመም።

ፖርቱጋሎች ከሁሉ ቆረጥ ያለ ውሳኔ ወስደዋል፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ያሉትን ቀናት ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ እያሉ በቁጥር ይጠራሉ። ለዚህ የሚመሰገነው በ6ኛው መቶ ዘመን የብራጋ ጳጳስ የነበረው ማርቲን ነው፤ ክርስቲያን የጣዖት ስም እየጠራ መዋል የለበትም ብሎ ተከራከረ። ክርክሩን በአሸናፊነት ሲወጣ አንድ ነገር ሳያስተውል ቀርቷል፤ ማርቲን ማለት የማርስ የሆነ ማለት ነው። ጳጳሱ የጦር አምላኩን ከማክሰኞ አባርሮ በገዛ ስሙ ውስጥ አሳድሮታል።

የሚገርመው ግሪኮቹ ራሳቸው ናቸው። የአማልክቱ አገር በሳምንቱ ውስጥ ለአንድ አምላክ እንኳ ወንበር አልሰጠም። ሰኞ «ሁለተኛ»፣ ማክሰኞ «ሦስተኛ»፣ ረቡዕ «አራተኛ»፣ ሐሙስ «አምስተኛ» ነው፤ ዓርብ የሰንበት ዝግጅት፣ እሑድም የጌታ ቀን ነው። በዚህ በኩል ግሪክኛ የሚመስለው ከፈረንሳይኛ ይልቅ ግእዝን ነው፤ ሰኑይ፣ ሠሉስ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ የሚለው ቆጠራ ከአቴናው ጋር ቀን በቀን ይገጥማል።

ሁለተኛው መሥሪያ ቤት ሰማይ ነው። ከጥንት ጀምሮ የታወቁት ፕላኔቶች በምዕራብ አውሮፓ የሮማ ስም ይዘው ኖሩ። በ1781 ዊልያም ኸርሼል እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ ውስጥ አዲስ ፕላኔት ሲያገኝ ለደመወዝ ከፋዩ ለንጉሥ ጆርጅ 3ኛ ክብር «የጆርጅ ኮከብ» አለው። ፈረንሳይ ውስጥ ይህ አልተዋጠም፤ በአግኚው ስም «ኸርሼል» ይባል ያሉ ነበሩ። ጀርመናዊው ዮሐን ቦዴ ነገሩን በዘር ቆጠራ ፈታው፦ ከማርስ ቀጥሎ አባቱ ዩፒተር፣ ከዩፒተር ቀጥሎ አባቱ ሳተርን ካለ፣ ከሳተርን ቀጥሎ መምጣት ያለበት አባቱ ኡራኖስ ነው። በዚህ የተነሣ ከስምንቱ ፕላኔቶች በግሪክ አምላክ ስም የሚጠራው ኡራኑስ ብቻ ሆነ። እንግሊዞች ግን ለስሙ ምላሳቸው ተስማሚ አልሆነም። አንደኛው አነባበብ ከሰው መቀመጫ፣ ሁለተኛው ከሽንት ጋር ስለሚጋጭ፣ የሰማይን አያት ስም የሚጠራ መምህር የክፍሉን ሳቅ ታግሦ ማለፍ አለበት። በ«የጆርጅ ኮከብ» ቢጸኑ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

በ1846 ከበርሊን የታየውን ቀጣዩን ፕላኔት በስሌት ያገኘው ፈረንሳዊው ሌ ቬርዬ መጀመሪያ ራሱ «ኔፕቱን» ይባል ብሎ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ግን «ሌ ቬርዬ» ቢባል ይሻላል የሚል ሐሳብ መጣለት፤ ከፈረንሳይ ውጭ የሚሰማው አላገኘም። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ በ1930 የተገኘውን ፕሉቶን ግን ስም ያወጣችለት የኦክስፎርድ ከተማ ነዋሪ የሆነች የ11 ዓመት ልጅ ቬኔሽያ በርኒ ናት። ፕሉቶ የሔድስ ሌላ ስሙ ነው። ሹመቱ 76 ዓመት ቆይቶ በ2006 ፕራግ ላይ በተሰበሰቡ የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ድምፅ ከፕላኔትነት ወደ «ድንክ ፕላኔት» ዝቅ ተደረገ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው ተረት ለሰው ብቻ አለመሆኑ በዚህ ታየ።

ግሪኮች በሰማዩ ጉዳይ የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ብለዋል። መርኩሪን ኤርሚስ፣ ቬኑስን አፍሮዲቲ፣ ማርስን አሪስ፣ ዩፒተርን ዲያስ፣ ኔፕቱንን ፖሲዶናስ ይላሉ። ከሳምንታቸው ያባረሯቸውን አማልክት ሁሉ ሰማይ ላይ አስፍረዋቸዋል።

ከሰማይ ቀጥሎ ማዕድን አለ። የበርሊኑ ኬሚስት ማርቲን ክላፕሮት በ1789 ላገኘው ንጥረ ነገር ከአዲሱ ፕላኔት ወስዶ «ዩራኒየም»፣ በ1795 ደግሞ ለሌላው «ቲታኒየም» አለ። ቲታኖቹ የኡራኖስ ልጆች ናቸውና ክላፕሮት ቤተ ሰቡን አልበተነም። ስዊድናዊው ኤክበርይ በ1802 ያገኘው ብረት አሲድ ውስጥ ቢነከርም የማይጠጣ ሆኖ ስላስቸገረው በታንታሎስ ስም «ታንታለም» ብሎታል። ታንታሎስ በአፈ ታሪኩ አማልክትን በማስቀየሙ እስከ አገጩ ውኃ ውስጥ ቆሞ፣ ጎንበስ ሲል ውኃው እየሸሸበት በጥም የሚቀጣ ንጉሥ ነው። በ1844 ሃይንሪሽ ሮዘ ከዚያው ማዕድን ውስጥ ሌላ ንጥረ ነገር ለይቶ በልጁ በኒዮቤ ስም «ኒዮቢየም» አለው፤ አባትና ልጅ ብዙ ጊዜ በአንድ ድንጋይ ውስጥ ይገኛሉና። የጉጂው ቀንጢቻ በታንታለም የሚታወቅ የኢትዮጵያ ማዕድን ስፍራ ነው። የተጠማው ንጉሥ ስም በአካፋና በድማሚት እየተቆፈረ በቶን ሲጫን፣ ለጥሙ የሚጨነቅለት ሰው እንደማይኖር መገመት ይቻላል።

አንዳንድ ሥራ ላይ የግሪኩና የሮማው ስም ጎን ለጎን ተቀጥረዋል። እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ ለእህል ዘር የሰጡት «ሲሪያል» እና «ሴሬያል» ከሴሬስ የመጣ ነው፤ ግሪኮች ያንኑ «ዲሚትሪያካ» የሚሉት ከዴሜትር ነው። ስለዚህ የለንደንም የአቴናም ሕፃን ጧት ከትምህርት ቤት በፊት አንዲቱን የእህል አምላክ በወተት ይበላታል። ተራራ ሲፈነዳም እንዲሁ ነው፤ ጣልያኑ «ቩልካኖ» ብሎ ቩልካንን፣ ግሪኩ «ኢፌስቲዮ» ብሎ ሄፌስቶስን ይጠራል። አማርኛ ግን «እሳተ ገሞራ» ብሎ ከመጽሐፍ ቅዱስ ስለ ወሰደ አንጥረኛው አምላክ እዚህ ሥራ አላገኘም።

ሥራ በመከፋፈል በኩል ከሁሉ የተጎዳችው የፍቅሯ አምላክ ናት። ከግሪክ ስሟ ከአፍሮዲቴ የወጣው ቃል በብዙ የአውሮፓ ቋንቋዎች ፍትወትን የሚያነሣሣ መድኃኒትና ምግብ መጠሪያ ሆነ። ከሮማ ስሟ ከቬኑስ የወጣው ደግሞ ለአባላዘር በሽታ ተሰጠ። ማታውን አፍሮዲቴ ይዛ፣ ጧት ሐኪም ቤት ቬኑስ ትረከባለች።

ፋርማሲው ውስጥ ሌሎችም አሉ። ጀርመናዊው ሰርቱርነር ከኦፒየም ያወጣውን መድኃኒት በሕልም አምላክ በሞርፌዎስ ስም ሰየመው፤ «ሞርፊን» ከዚያ ነው። የንጽሕና አጠባበቅ መጠሪያ የሆነው «ሃይጂን» ከጤና አምላኳ ከሂጊያ መጣ። መርፌ የሚወጋበት «ሲሪንጅ» ደግሞ ከሲሪንክስ ነው። ሲሪንክስ ከፓን ስትሸሽ ሸምበቆ ሆና የቀረች ውብ ልጅ ስትሆን፣ ፓን ሸምበቆውን ቆርጦ ዋሽንት አደረጋት። ይኸው ባለ ቀንዱ ፓን በዱር ድንገት እየጮኸ ሰውንና መንጋውን ያስደነግጥ ነበርና «ፓኒክ» የሚለው ቃል ከስሙ ወጥቶ ከሊዝበን እስከ ሞስኮ ብዙም ሳይለወጥ ይነገራል። ዜውስ ያላገኘውን አንድነት ይህ የፍየል እግር ያለው አምላክ በድንጋጤ አግኝቶታል።

ስታዲየሙም ቢሆን ባዶ አይደለም። ተሰሎንቄ ውስጥ በ1908 የተመሠረተው ክለብ «ኢራክሊስ»፣ በ1914 የተመሠረተው «አሪስ» ይባላል፤ በአፈ ታሪኩ ሄራክሌስና አሬስ ጦር ተማዝዘዋልና የከተማው ደርቢ ከኳስ በፊት የነበረ ጸብ ወርሷል። የአምስተርዳሙ «አያክስ» በትሮይ ጀግና የተሰየመ ነው፤ የእንግሊዝ አስተያየት ሰጪ ደርሶ «ኤጃክስ» ሲለው ደች ደጋፊ ይከፋዋል። የቤርጋሞው አታላንታ በደጋፊው «አምላኳ» ይባላል። አታላንታ ግን አምላክ አልነበረችም፤ ፈጣን አዳኝ ነበረች፤ ውድድሩንም የተሸነፈችው መንገድ ላይ የተወረወሩ የወርቅ ፖሞችን ለማንሣት ስትቆም ነው። መሪነት ይዞ በመጨረሻው ደቂቃ ነጥብ የሚጥል ማንኛውም ክለብ ከዚህ የተሻለ ስም አያገኝም።

የመጨረሻው መጠለያ የሰው ስም ነው፤ አማልክቱ ባልተጠበቀ ቦታ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ የተሸሸጉት በዚህ በኩል ነው። የወይን ጠጁ አምላክ ዲዮኒሶስ ለዲዮናስዮስ ስሙን ሰጠ፤ ዲዮናስዮስ በፈረንሳይኛ «ደኒ»፣ በእንግሊዝኛ «ዴኒስ» ሆነ፤ በዚህ ስም የሚጠራው ሰማዕትም የፓሪስ ጠባቂ ቅዱስ ነው። ከዴሜትር የወጣው ድሜጥሮስ በሩስኛ «ድሚትሪ»፣ በሩማንኛ «ዱሚትሩ» ይባላል። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ባሕረ ሐሳብን የምታስታውስበት የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስም ድሜጥሮስ ነው። ጾምና በዓል የሚቆጠርበት ስሌት የእህል አምላክን ስም በያዘ አባት መነገሩ ማንንም አላስደነገጠም፤ ሊያስደነግጥም አይገባም። ስሙ የሰው ከሆነ በኋላ ትርጉሙን የሚሠራው ተሸካሚው ነው።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል። የግሪክ አማልክት ቤተ መቅደሳቸው ከፈረሰ ከሺህ አምስት መቶ ዓመት በላይ ቢሆንም ስማቸው የኖረው የሚያምንባቸው ስላለ አይደለም፤ ቀን ለመቁጠር፣ ብረት ለመለየት፣ ክለብ ለመሰየምና ልጅ ለመጥራት ስለ ጠቀሙ ነው። በአማርኛ የሚጽፍ ሰውም እነዚህን ስሞች ሲያመጣ ከሁለቱ በሮች አንዱን ይምረጥ፤ የግሪኩን ከያዘ ዜውስ፣ አፍሮዲቴ፣ ሄርሜስ ብሎ ይጽና፤ የሮማውን ከያዘ ዩፒተር፣ ቬኑስ፣ መርኩሪ ይበል። ዜውስን ከዩኖ ጋር በአንድ ገጽ ያጋባ እንደሆነ ግን ሄራ በየትኛውም አገር፣ በየትኛውም ፊደል፣ ዝም ብላ አታልፈውም።